የሚመለስ ወንዝ

ወንዝ ወደ ኋላ ይፈሳል ቢሉት የሚያምን የደጋ ሰው የለም። ወንዝ ከተራራ ተነሥቶ ወደ ቆላ ይወርዳል፤ አፈሩን ይዞ፣ ግንዱን ይዞ፣ የአገሩን ወሬ ይዞ ይሄዳል፤ ሄዶም አይመለስም። ዓባይን እያየ ላደገ ሕዝብ ይህ የሚያከራክር ጉዳይ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ከተማን ታክኮ የሚያልፈው የፖቶማክ ወንዝ ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይመለሳል።

ፖቶማክ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከዋሽንግተን ጥቂት ከፍ ብሎ ሊትል ፎልስ ከሚባለው ድንጋያማ ወራጅ እስኪደርስ ድረስ እንደ ማንኛውም ወንዝ ነው፤ ቁልቁለቱን አይቶ ይወርዳል። ከዚያ በታች ግን ጠባዩ ይለወጣል። እስከ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ድረስ ያለው ከ160 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ርዝመቱ ለቁልቁለቱ ብቻ ሳይሆን ለጨረቃና ለፀሐይ ስበትም የሚታዘዝ ነው። አትላንቲክ ውቅያኖስ ሲሞላ ባሕረ ሰላጤው ይሞላል፤ ባሕረ ሰላጤው ሲሞላ ወንዙን ወደ መጣበት ይገፋዋል። ከአንዱ ሙላት እስከ ሌላው ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በዋሽንግተን አካባቢ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የባሕሩ ጨውም ይህን ያህል ርቀት አይዘልቅም። ውኃው ጣፋጭ ነው። ሆኖም በዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው፣ ጧት ወደ ባሕር ሲወርድ ያየው ቅጠል ከቀትር በኋላ ወደ ተራራው አቅጣጫ ሲንሳፈፍ ያያል።

ከዋሽንግተን በስተ ደቡብ፣ በአሌክሳንድርያ ከተማ ጠርዝ፣ ጆንስ ፖይንት የሚባል መናፈሻ አለ። ከበላዩ በውድሮው ዊልሰን ድልድይ ላይ መኪናው ሌሊትና ቀን ይጐርፋል፤ ከበታቹ ወንዙ ይወጣል፣ ይወርዳል። በዚህ ስፍራ፣ ከዳር ወደ ውኃው በተዘረጋው የዓሣ ማጥመጃ መቆሚያ ላይ፣ በጥር ወር ማለዳ አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ቆመው ይታያሉ። ጥር በአገር ቤት የውቂያና የጥምቀት፣ የሠርግና የፀሐይ ወር ነው፤ በፖቶማክ ዳር ግን የጣትን ጫፍ የሚያደነዝዝ የብርድ ወር ነው። ሽማግሌው ከባድ ካፖርት ለብሰው፣ ጆሯቸውን በሹራብ ቆብ ሸፍነው፣ በአንድ እጃቸው ቀጭን ዘንግ ይይዛሉ። ከእግራቸው ሥር ጥቃቅን ዓሦች የሚዋኙበት ባልዲ ተቀምጧል። ከካፖርታቸው ኪስ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ገጽ ያለው የተማሪ ደብተር ብቅ ብሎ ይታያል። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ከመምህርነት ከተለዩ ከአርባ ዓመት በላይ ቢሆናቸውም የሚያውቋቸው ሁሉ ዛሬም «መምህሩ» ይሏቸዋል።

መምህሩ የሚያጠምዱት ዓሣ ክራፒ ይባላል። የመዳፍ ስፋት ያለው፣ ጎኑ እንደ ትሪ የተለጠጠ፣ በብርማ ቅርፊቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ዓይነ ትልቅ ዓሣ ነው። ጥቁሩና ነጩ ተብለው የሚጠሩ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ ብዙውን ጊዜ ጥቁሩ በጀርባው ክንፍ ላይ 7 ወይም 8፣ ነጩ 5 ወይም 6 እሾህ በመያዛቸው ይለያሉ። የከንፈሩ ቆዳ እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ በኃይል የሳበው ሰው ባዶ መንጠቆ ይዞ ይቀራል።

ውኃው ሲቀዘቅዝ የዓሣው ደም አብሮ ይቀዘቅዛል። በብርዱ ወራት ክራፒ ጥቂት ይበላል፣ ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ የወንዙን ጉልበት ሸሽቶ በሰመጠ ግንድ ቅርንጫፍ መካከል፣ በጀልባ ማቆሚያና በመቆሚያ ምሰሶዎች ጥላ፣ ጠለቅና ረጋ ያለ ውኃ ፈልጎ ከመሰሎቹ ጋር ይሰበሰባል። ስለዚህ ቦታውን ያወቀ ሰው በአንድ ስፍራ ብዙ ያገኛል፤ ያላወቀ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሲያጠምድ ይውላል። ቦታውን ማወቅም ብቻውን አይበቃም። በዚህ ወንዝ ውኃው ሲወጣና ሲወርድ ዓሣው ከምሰሶ ወደ ምሰሶ፣ ከጥልቀት ወደ ጥልቀት ይዛወራል። ብርቱ የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ወንዙን ወደ ታች ጠርጎ ይወስደዋል፤ የዳሩ ጭቃ ይራቆታል፤ ትናንት ዓሣ የነበረበት ስፍራ ዛሬ የወፍ መሮጫ ይሆናል። በመምህሩ ደብተር ላይ በማስመሪያ የተሰመሩት ዓምዶች ይህንኑ ይመዘግባሉ፦ ሙላት፣ ጉድለት፣ ነፋስ፣ የተያዘ።

ይህን ሁሉ ያስተማራቸው በዚያው መቆሚያ ላይ የተዋወቁት ጥቁር አሜሪካዊ ዓሣ አጥማጅ ነው። ዕድሜው ሃምሳ ያህል የሆነ፣ በመኪና ጥገና የሚተዳደር፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። መምህሩ መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ጡረታ የወጡበትን የመኪና ማቆሚያ ሥራ ትዝታና የአራት ግድግዳ ብቸኝነት ሸሽተው፣ በገበያ የገዙትን ዘንግ ይዘው ነበር። ለሁለት ሳምንት አንድም አልያዙም። እርሱ ግን በአጠገባቸው ቆሞ በየጥቂቱ ደቂቃ ያወጣ ነበር።

«ሲከብድዎ አይጠብቁ» አላቸው አንድ ማለዳ። «ይህ ዓሣ ዓይኑ ወደ ላይ ነው። የሚበላው ከበላዩ ያለውን ነው። ነክሶ አይጎትትም፤ ያነሣል። ክሩ ሲቀልልዎ ያንሡ።»

«መቅለሉን በምን አውቃለሁ?»

«ክብደቱን አስቀድመው በእጅዎ ከለመዱት ነው። ከዚያ ሲጎድል ይሰማዎታል።»

መምህሩ የአስተማሪ ልማድ ሆኖባቸው፣ «ይህ በየትኛው መጽሐፍ ተጽፏል?» ብለው ጠየቁት።

ሰውዬው ሳቀ። «በመጽሐፍ መኖሩን እንጃ። እኔ የተማርሁት ከአያቴ ነው። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ወንዙን ግን ታነብበው ነበር።»

በዚያች ማለዳ ክሩ ሦስት ጊዜ ቀለለ፤ መምህሩ ሦስት ክራፒ አወጡ። ይሁን እንጂ ደስታቸው አልቆየም። ዓሣውን ከመንጠቆው ሲያላቅቁ፣ ያ የእርጥብ ቅርፊትና የጭቃ ሽታ ወደ አፍንጫቸው ሲመጣ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት ከአንድ ክፍል ያባረሩት ሽታ መሆኑን ዐወቁት።

*

መምህሩ የተወለዱት በጎጃም ደጋ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። በዚያ አገር ዓሣ በጾም ወቅት ከማዕድ ቢቀርብ አይጠላም፤ አጥማጁ ግን ከማዕድ ቢቀርብ ይጠላል። ሸማ የሚለበሰው ሸማኔ እየተናቀ ነው፤ ማረሻ የሚገዛው ቀጥቃጭ እየተፈራ ነው፤ ገንቦ የሚቀዳው ሸክላ ሠሪዋ እየተሸሸች ነው። የእጅን ፍሬ ተቀብሎ እጅን የመጸየፍ ልማድ ሥሩ ጥልቅ ነበር። ወጣቱ መምህርም ከማሠልጠኛ ተቋም ወጥተው፣ ከጣና ዳርቻ ትምህርት ቤቶች በአንዱ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲመደቡ፣ ከሻንጣቸው ጋር ያንን ልማድ ይዘው ሄዱ። የኖራ ብናኝ ጫማቸውን እንዳይነካው የሚጠነቀቁ፣ መጽሐፍ የሚያከብሩ፣ ተማሪን ጮክ ብለው የሚገሥጹ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበሩ።

ከክፍሉ ኋላ፣ በመስኮቱ ሥር፣ አንድ ልጅ ይቀመጥ ነበር። ጎረቤቶቹ «ወይጦ» እያሉ ከሚያገልሉት፣ ራሱን ግን ነገደ ወይጦ ብሎ ከሚጠራው ማኅበረሰብ የተወለደ ነው። ይህ ሕዝብ በቀድሞ ዘመን ጉማሬ ያድንና ይበላ ነበርና፣ ያ ምክንያት ሆኖ ለብዙ ትውልድ ከሌላው ጋር በአንድ ትሪ እንዳይቀርብ ተደርጓል። ደንገል አጭዶ፣ አስሮ፣ ጣናን የሚያቋርጥ ታንኳ የሚሠራው ግን እርሱ ነው። የልጁ አባትም ታንኳ ሠሪና ዓሣ አጥማጅ ነበር። ልጁ ሌሊት ከአባቱ ጋር መረብ ስቦ፣ ጧት በዚያው ልብሱ ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል። አጠገቡ የሚቀመጥ ተማሪ አልነበረም።

በኅዳር ወር የሳይንስ ፈተና ተሰጠ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ዓሣ የት ይኖራል?» የሚል ነበር። የሚጠበቀው መልስ «በውኃ ውስጥ» ወይም «በሐይቅና በባሕር» የሚል ነው። ልጁ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «በበጋ ሐይቅ ይኖራል። በክረምት ለመውለድ ወንዝ ይወጣል።»

መምህሩ በቀይ እስክሪፕቶ ኤክስ አደረጉበት። ወረቀቱ በተመለሰ ዕለት ልጁ እጁን አወጣ። ከዚያ በፊት እጁን አውጥቶ አያውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ ይኼ ለምን ተሳሳተ?»

«ወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል እንጂ ሐይቅ ወደ ወንዝ አይወጣም። ዓሣ ሽቅብ ይዋኛል ያለህ ማን ነው? በየትኛው መጽሐፍ አየኸው?»

«አባቴ ነው፣ ጋሼ። ጉማራ ወንዝ ላይ እኔም አይቻለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ወጣቱ መምህር ሳቁን ዝም ማሰኘት ይችሉ ነበር፤ አላሰኙም። ይልቁንም አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ተራምደው መስኮቱን ከፈቱና፣ «ነገ ታጥበህ ና። እስከዚያ ሽታህን ይዘህ ውጣ» አሉት። ልጁ ደብተሩን ሰብስቦ ወጣ። በማግሥቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። በመስኮቱ ሥር ያለው ስፍራ ባዶ ሆነ፤ ማንም አልጠየቀም፤ ስም ጠሪው መምህርም ከጥቂት ቀን በኋላ ስሙን መጥራት ተዉ።

ሦስት ወር ሳይሞላ የካቲት 1966 ዓ.ም. ባተ፤ አገሩ ተነቃነቀ። በ1967 ዓ.ም. እድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታውጆ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲሰማሩ መምህሩም ዘመቱ። በዋርካ ሥር ቆመው ለገበሬው ስለ ሰው ልጆች እኩልነት ተናገሩ፤ ባለ እጅን መናቅ ያለፈው ሥርዓት ቅሪት መሆኑን አስረዱ፤ ተጨበጨበላቸው። የተናገሩትን ከልብ ያምኑበት ነበር። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ንግግር መካከል፣ በመስኮቱ ሥር የነበረው ባዶ ስፍራ አንድም ጊዜ ትዝ አላላቸውም። አዋጅ ሰውንና ሰውን በሕግ ፊት ያስተካክላል፤ አፍንጫን ለማስተካከል ግን ሌላ ትምህርት ያስፈልጋል።

በ1971 ዓ.ም. መምህሩ በሱዳን በኩል ተሰደዱ። ከዚያ ወዲያ ያለው የብዙ ስደተኛ ታሪክ ነው። በዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ጎጆ ውስጥ ቲኬት እየቆረጡ፣ ሌሊቱን መጽሐፍ እያነበቡ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሠሩ። በዚያች ጎጆ ውስጥ ነበር አንድ ሌሊት ስለ ጣና የተጻፈ ጽሑፍ እጃቸው የገባው። የሐይቁን ዓሦች ያጠኑ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እንዳረጋገጡት፣ በጣና ብቻ ከሚገኙት የትላልቅ ባርበስ ዓሣ ዝርያዎች በርከት ያሉት በክረምቱ ዝናብ ወንዝ ሲሞላ ወደ ገባሮቹ፣ በተለይም ወደ ጉማራ፣ ሽቅብ ወጥተው ይራባሉ። መምህሩ ጽሑፉን አንብበው ወረቀቱን ዐጠፉ። ቲኬት የሚጠብቅ መኪና ጥሩምባውን እስኪነፋ ድረስም አልተንቀሳቀሱም። ተመራማሪዎቹ በመጽሔት ያሳተሙትን፣ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ በፈተና ወረቀት ላይ በሁለት ዐረፍተ ነገር ጽፎት ነበር።

*

በዚህ ዓመት ጥር ወር አንድ ከሰዓት በኋላ መምህሩ ከጆንስ ፖይንት ተነሥተው ወደ ቤታቸው ለመሄድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። የጤና መሥሪያ ቤቶች ከዚህ ወንዝ የሚበላው ዓሣ በመጠን እንዲሆን ስለሚመክሩ የያዙትን አብዛኛውን መልሰው ለቅቀውታል፤ ባልዲው ባዶ ነበር። ሽታው ግን በጓንታቸው፣ በካፖርታቸው እጅጌ፣ በጣቶቻቸው መካከል ነበር። ከፊታቸው አንዲት ወጣት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ተቀምጣለች። ልጅቱ ዘወር ብላ አየቻቸውና በአማርኛ፣ «እማዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?» አለች። እናትየዋ፣ «ዝም በይ» ብላ ገሠጸቻት። ፊቷ በኀፍረት ቀላ፤ ጥቂት ቆይታ ግን የልጇን እጅ ይዛ ተነሣችና ከኋላ ወዳለው ወንበር ተዛወረች።

መምህሩ አልተቆጡም። በባዶው ወንበር ላይ ዓይናቸውን ተክለው እስከሚወርዱበት ፌርማታ ድረስ ሄዱ። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ወጣቱ መምህርም ክፉ ሰው አልነበሩም። ንቀት ክፉ ሰዎችን ብቻ ቢጠይቅ ኖሮ ይህን ያህል ዘመን ባልኖረ ነበር። የሚኖረው በጨዋ ሰው መሐረብ ውስጥ፣ በእናት ጥንቃቄ ውስጥ፣ በአስተማሪ ቀይ እስክሪፕቶ ውስጥ ተሸሽጎ ነው። መጠኑንም የሚያውቀው የተነሣበት ሳይሆን የተነሡበት ሰው ነው።

ማታ ወደ ባሕር ዳር ስልክ ደወሉ። በዕድሜ እኩያቸው የሆኑ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ አሁንም በዚያ ይኖራሉ። መምህሩ የልጁን ስም ከነአባቱ ጠርተው ጠየቁ። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ድምፅ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና፣ «እንዲህ ያለ ተማሪ ነበረን እንዴ?» ሲል መለሰ። ከዚያም በሐይቁ ዳር የሚያውቁትን ሰው እንደሚጠይቁላቸው ቃል ገቡ። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።

*

የፖቶማክ ወንዝም የተናቀበት ዘመን ነበረው። የከተሞች ፍሳሽ እየተለቀቀበት ስለ ከረፋ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 እ.ኤ.አ. የአገር ኀፍረት ብለውታል። ከ1972 እ.ኤ.አ. የንጹሕ ውኃ ሕግ በኋላ ብዙ ገንዘብና ብዙ ጉልበት ፈሶበት፣ የፍሳሽ ማጣሪያዎች ተሻሽለው፣ በ1980ዎቹ የውኃ ውስጥ ሣሩ ተመልሶ መብቀል ጀመረ፤ ዓሣውም መጠለያ አገኘ። ዛሬም ፍጹም ንጹሕ ነው የሚለው የለም፤ ሆኖም ሰው ያበላሸውን ሰው ሊያርመው እንደሚችል የሚመሰክር ወንዝ ነው። ጥቁሩ አሜሪካዊ ዓሣ አጥማጅ ይህን ሲያወራ በኩራት ነው፤ አያቱ በዚያ በከረፋ ዘመን እንኳ ወንዙን ጥላ እንዳልሄደች ይናገራል። መምህሩ ሲሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ወንዝ ታግሦ ይጠብቃል፤ ዓመት ቢያልፍ፣ አርባ ዓመት ቢያልፍ እርማቱን ይቀበላል። ከክፍል የወጣ ልጅ ግን እንደ ወንዝ በቀን ሁለት ጊዜ አይመለስም።

በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምህሩ በአሌክሳንድርያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አማርኛ ያስተምራሉ። ከስልኩ ንግግር በኋላ በነበረው ቅዳሜ ወደ ክፍል የገቡት ከወንዙ በቀጥታ ነበር፤ ሆን ብለው እጃቸውን አልታጠቡም። ልጆቹ ተያዩ፤ አንዳንዱ አፍንጫውን ያዘ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ወንዝ ወደ ኋላ ይፈሳልን?» ብለው ጻፉ። ብዙዎቹ ሳቁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ ከአባቱ ጋር ድልድዩ ሥር ሄዶ ሲመለስ እንዳየው ተናገረ። ሳቁ ሊነሣ ሲል መምህሩ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ።

«ና፣ ሰሌዳው ጋ ቁምና ያየኸውን አስረዳን» አሉት። ልጁ ሲያስረዳ እርሳቸው ከተማሪዎቹ መካከል፣ በተለቀቀው ወንበር ላይ ተቀምጠው አዳመጡ።

በማግሥቱ ማለዳ ከመቆሚያው ላይ ነበሩ። ነፋስ አልነበረም፤ በዳሩ ላይ ስስ በረዶ ጋግሯል። ውኃው ሙላቱን ጨርሶ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። በዚህች አጭር ጊዜ ዓሣውም ዝም ይላልና መምህሩ ዘንጉን በምሰሶው ላይ አስደግፈው ደብተራቸውን አወጡ። ከሙላትና ከጉድለት ዓምዶች በኋላ ያለውን ባዶ ገጽ ገለጡ። በሚያምር የእጅ ጽሕፈታቸው አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ ከሥሩ ሃምሳ ዓመት የቆየውን መልስ እንዳለ ገለበጡት፤ ከጎኑ ራይት አደረጉበት። ወረቀቱን የሚመልሱለት ተማሪ ግን በዚያ አልነበረም። ደብተሩን ዐጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ከምሰሶው ሥር የቆመው ቅጠል መንቀሳቀስ ጀመረ። ውኃው መውረድ ጀምሯል። መምህሩ ዘንጉን አንሥተው መንጠቆውን ወደ ጥላው አወረዱ፤ ክብደቱን በእጃቸው ለመዱና መቅለሉን ይጠባበቁ ጀመር።